ለሳነቴ ብርድ የሚሆን ፔርሙዝ፦ የቱን ልግዛ?

ላብራቶሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ከገና ማግስት ስድስት ሆነን ባሌ ተራሮች ልንሄድ ነው። ከዲንሾ ተነስተን በወብ ሸለቆና በራፉ አድርገን ሳነቴ አምባ ላይ እንወጣለን፤ በመጨረሻው ቀን ማለዳ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ተራራ። አምስት ቀን፣ አራት ሌሊት። ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ ተከራይተናል፣ ጫማዬን እንጦጦ ላይ እየተመላለስኩ አለማምጄዋለሁ። የቀረኝ ፔርሙዝ ብቻ ነው።

"ይሄም ጥያቄ ሆኖ!" እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን ሁለት ፔርሙዝ ከስሬያለሁና ሦስተኛውን ከመግዛቴ በፊት ልጠይቅ።

የመጀመሪያው የእናቴ ነበር። ታውቁታላችሁ፣ ቀይ አበባ ያለበት፣ ውስጡ ብርጭቆ፣ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ለእንግዳ ብቻ የሚወርደው። አምና ኅዳር መንዝ ጓሳ ስንሄድ ሳላስፈቅድ ወሰድኩት። በፎጣ ጠቅልዬ ነበር ደግሞ። የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ቦርሳዬን ድንጋይ ላይ ሳስቀምጥ "ጭርር" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ነገሩ ስላልገባኝ ከፍቼ ቀዳሁት። ሻዩ ወረደ፤ ኩባያውን ወደ ፀሐይ ሳዞረው የዓሣ ቅርፊት የሚመስል የሚያብረቀርቅ ነገር ይዋኝበታል። ውስጡ ብትንትን ብሏል ለካ። ስድስት ሰው ኩባያውን ይዞ ሲጠብቀኝ ነበር። እናቴን እስከ ዛሬ "ጓደኛዬ ጋ ነው" እያልኳት ነው።

ሁለተኛውን በዚህ ወር መርካቶ ገዛሁ። አንድ ሊትር፣ ጥቁር፣ ስቴንለስ፣ ላዩ ላይ "24 ሰዓት ሙቅ" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት። ሥራዬ ላብራቶሪ ስለሆነ ነገር ሳልለካ አላምንም። ማታ 2 ሰዓት ላይ የፈላ ውኃ ሞልቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትር ብሰድበት 41 ዲግሪ። በማግስቱም ደገምኩት፣ 40። ይሄ እንግዲህ አዲስ አበባ፣ ቤት ውስጥ፣ መስኮት ተዘግቶ ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ በጥር ሳነቴ ላይ ምን ሊባል ነው?

ጥያቄዬ፦ ጥፋቱ የዕቃው ነው የእኔ? አፉ ሰፊ ይሻላል ጠባብ? ግማሽ ሊትር ይበቃል ወይስ አንድ ሊትር? ቁልፍ ሲጫኑት የሚቀዳው ደስ ይለኛል፤ ይሆናል? ደግሞ ወንዶቹ "ጾሙ ስለሚፈታ ወተት በሻይ ይዘን እንውጣ" እያሉ ነው።

ጠመኔ

ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጥያቄሽን ሳይ ጠመኔ ያዝ ያዝ አለኝ።

ፔርሙዝ ማለት አንዱ ጠርሙስ በሌላው ውስጥ ሆኖ በመሃላቸው ያለው አየር ተመጥጦ የወጣለት ዕቃ ነው። ጄምስ ደዋር የሚባል የስኮትላንድ ሰው በ1892 እ.ኤ.አ. የሠራው ለሻይ ሳይሆን በጣም የቀዘቀዙ ፈሳሾችን ለማቆየት ነበር። አየር ከሌለ ሙቀቱን ከውስጠኛው ግድግዳ ወደ ውጭኛው የሚያሻግር ነገር እምብዛም የለም። ስለዚህ ሙቀት በዋናነት የሚያመልጠው ሁለቱ ግድግዳዎች ከሚገናኙበት ከአንገቱና ከክዳኑ ነው። አፉ ሰፊ የሆነ ፔርሙዝ በሩን ገርበብ አድርገሽ እንደምትተኚበት ቤት ነው። ጠባቡን ግዢ።

ያ መሃል ላይ ያለው ባዶ ቦታ አንዲት የማትታይ ቀዳዳ ካገኘችው አየር ይገባና ዕቃው ተራ ቆርቆሮ ይሆናል። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ነው፣ ክብደቱም ያው ነው። የምታውቂው በመዳፍሽ ብቻ ነው። የፈላ ውኃ ሙዪበትና ክደኚው፤ ዐሥር ደቂቃ ጠብቀሽ ከላይ እስከ ታች ዳብሺው። አንገቱ አካባቢ ለብ ቢል ጤነኛ ነው። ሆዱ ወይም ቂጡ ከሞቀ ግን አልቆለታል፤ የሚጠገንበትም መንገድ የለም።

"24 ሰዓት" የሚለውን ወረቀት ቅደጂው። ስንት ዲግሪ ሲቀር ነው "ሙቅ" የሚሉት? ክፍሉስ ስንት ዲግሪ ነበር? እነዚህን ካልጻፉ ቁጥሩ ጌጥ ነው። በዚያ ላይ እነሱ ሲለኩ የፈላ ውኃቸው ወደ 100 የሚጠጋ ነው። አንቺ ዘንድ እንደዚያ አይደለም። አዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ዲንሾ 90፣ ሳነቴ አምባ ላይ 4,000 ሜትር ሲደረስ 87 ገደማ። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ እየቀነስሽ ሂጂ። ተራራ ላይ ያለ ፔርሙዝ ገና ሲሞላ ዐሥራ ሦስት ዲግሪ ተበድሮ ነው የሚጀምረው። እሳቱን ብትጨምሪው ቶሎ ይተንናል እንጂ አይሞቅም።

ስለዚህ ያለሽን አታባክኚ። ሻዩን ከመጨመርሽ በፊት የፈላ ውኃ ሙዪበት፣ አምስት ደቂቃ አቆይተሽ ድፊው፣ ወዲያው ሻዩን እስከ አፉ ሙዪና ክደኚ። ቀዝቃዛ ብረት የመጀመሪያውን ሙቀት ለራሱ ነው የሚጠጣው። ግማሽ ብቻ የተሞላ ፔርሙዝም ቶሎ ይበርዳል።

በሶ ይበቃል

አባቶቻችን ያን ሁሉ ተራራ የወጡት በፔርሙዝ ነው እንዴ? በሶ በቅል ይዘሽ ውኃ ጠብ አድርገሽበት ብትውጪ ሆድሽ ራሱ ምድጃ ይሆናል። ግድ ፔርሙዝ ካላችሁ ደግሞ ሻይ ምን ያደርጋል? አጥሚት ሙሉበት! ወገብ ይይዛል።

የዲንሾ ፈረሰኛ

እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ከእንግዳ ጋር በዚያው በምትሄዱበት መንገድ ተመላልሻለሁ፤ መጀመሪያ ፈረስ ጫኝ፣ አሁን መሪ። መምህሩ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ጠዋት ጠዋት የማየውን ልንገርሽ።

አጥሚት ያልከው ወንድሜ፣ ተው። አንዴ አንዲት እንግዳ ሞልታ መጣች። አንገቱ ላይ ረግቶ በማንኪያ እጀታ ስንቆረቁር አረፈድን፤ ከዚያ ወዲያ ጉዞው እስኪያልቅ የጠጣችው ሻይ ሁሉ አጥሚት አጥሚት ይላል። አጥሚት የሚጠጣው ከድስት ነው። በሶው ላይ ግን እስማማለሁ።

ወተትም እንደዚያው። ለብ ያለ ወተት ፔርሙዝ ውስጥ ግማሽ ቀን ሲከርም ተበላሸ ማለት ነው፣ ከፍታው ራስ ምታት ሲጨመርበት ሆድ ቁርጠት አያስፈልግሽም። ወተቱን የዱቄት ያዙና ኩባያ ላይ በጥብጡት። ጎባና ሮቤ ገበያ ጦስኝ ይሸጣል፤ ጦስኝ ሻይ ያለ ወተትም ጌታ ነው። ፓርኩ ውስጥ ግን አትልቀሙ።

ቁልፍ ተጭነሽ የምትቀጂው ይቅርብሽ። ፈረስ ላይ ገመድ ሲጠብቅ ቁልፉን ይጫነዋል። ራፉ ላይ አንድ ልጅ ስሊፒንግ ባጉ ሙሉ በሙሉ በቀረፋ ሻይ ርሶበት እኔና ምግብ አብሳዩ መሃል ነው ያደረው። ደግሞ ውስጡ ጠምዛዛ ሽቦ አለው፣ አይታጠብም። በጥምዝ የሚዘጋ፣ ክዳኑ ወፍራም፣ በጓንት ሊያዝ የሚችል ይሁን። ሱቅ ውስጥ ጓንትሽን አድርገሽ ክፈቺው። ካልቻልሽ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በደነዘዘ ጣት ፈጽሞ አትችዪም።

ሌላ ሰው የማይነግርሽን ልጨምር። ፔርሙዙን ፈረስ ላይ አትጫኚ። ፈረሶቹ ሌላ መንገድ ይዘው ቀድመው ነው የሚሄዱት፤ አንቺ ብርድ ላይ፣ ሻይሽ ካምፕ። ለምን መሰለሽ፣ ሻይ የሚያስፈልግሽ ስትራመጂ አይደለም፣ ስትቀመጪ ነው። ቀይ ቀበሮ ለማየት ሳነቴ ላይ ድንጋይ ተደግፈሽ አንድ ሰዓት ዝም ብለሽ መቀመጥ አለ። ፍልፈሉ ፀሐይ ሞቅ ሳይል ከጉድጓዱ አይወጣም፣ ቀበሮውም የሱን መውጣት ነው የሚጠብቀው። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ነፋሱ ላብሽን ጀርባሽ ላይ ያደርቀዋል። ያኔ አንድ ኩባያ ትኩስ ነገር ያለው ሰውና የሌለው ሰው ፊታቸው ይለያል።

ሌሊቱን በተመለከተ፣ ሳነቴ ላይ በበጋ ከዜሮ በታች እስከ 15 ድረስ የወረደበት ጊዜ አለ። ማታ እራት ሲበላ ውኃ ይፈላል፤ ያኔ ሙዪና ስሊፒንግ ባግሽ ውስጥ እግርሽ ሥር አድርጊው። ተራውን የመጠጥ ውኃሽን ደግሞ ድንኳን ውስጥ በአፉ ድፊው። በረዶ የሚጀምረው ከላይ ነው፤ ከደፋሽው ቂጡ ይረጋል እንጂ አፉ ክፍት ይሆናል። በየዓመቱ የሃይላንድ ጠርሙስ ላይ የፈላ ውኃ የሚገለብጥ ሰው አይጠፋም፣ እጁ ላይ ተኮማትሮ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። አንቺ እንዳታደርጊው።

ዴንቨር ያለሁት

እኔ የምኖረው ኮሎራዶ ነው፤ እዚህ በጋ በጋ ከ14 ሺህ ጫማ በላይ የሆኑትን ተራሮች መውጣት የሐበሻውም ልማድ እየሆነ ነው። የእኔ ስህተት የክብደት ነበር። ትልቅ ከያዝኩ ለሁሉ ይበቃል ብዬ ሁለት ሊትር ተሸክሜ ወጣሁ። የሁለት ሊትር ሻይ ክብደት ብቻ ሁለት ኪሎ ነው፣ ብረቱ ደግሞ ከኪሎ አላነሰም። ግማሽ መንገድ ላይ ተቀምጬ "ሻይ የሚፈልግ!" ስል ሰዎቹ የታመምኩ መስሏቸው ነበር።

አሁን አንድ ሰባት መቶ፣ ሰባት መቶ ሃምሳ ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው የምይዘው። ግማሽ ሊትሩ ቀላል ነው ግን ትንሽ ዕቃ ቶሎ ይበርዳል፣ ለብቻ ካልሆነም አይበቃም። ስድስት ከሆናችሁ ሦስት ሰው ሦስት ፔርሙዝ ይያዝ። ስድስት አትያዙ።

እዚህ አገር ፋሽን የሆነው ባለ እጀታና ባለ መምጠጫ ትልቅ ኩባያ አለ፣ ዘመድ ሁሉ ወደ አገር ቤት ስጦታ እያለ የሚልከው። እሱ የመኪና ነው። ቢርስታድት ተራራ ላይ መምጠጫው ውስጥ በረዶ ተሰክቶበት እንደ ከረሜላ እየነከስኩ ነው የወረድኩት።

ስትመለሺ የሻይ ዝገት የሚመስለውን ለማጽዳት ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውኃ ሌሊቱን ማሳደር ነው። በረኪና እንዳታስገቢ፣ ስቴንለሱን ይበላዋል። ክዳኑንም ሳትከድኚ አስቀምጪው፣ አለበለዚያ ይሸታል።

ላብራቶሪዋ

መምህር፣ እጅዎን ይባርከው! ማታውኑ ዳበስኩት። አንገቱ ቀዝቃዛ፣ ከወገቡ በታች ግን እንደታመመ ሕፃን ግንባር ይሞቃል። አልቋል። ጥፋቱ የእኔ አልነበረም (ይሄን ለአንድ የሚመለከተው ሰው አስነብቤዋለሁ)።

ለሻጩ ብመልስለት "እህት፣ ፔርሙዝ መሞቁ ነው የሚያስከፋሽ?" አለኝ። ምን ይባላል?

ሌላ ሱቅ ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ ብልህ ሆኜ መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቀድኩ፦ ሦስቱን አውርድልኝ፣ ውኃ እኔ አመጣለሁ። ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች፤ የአንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ ሒሳብ ከፈልኳት። ሦስቱን ሞልተን መደርደሪያው ላይ አቆምናቸው። ዐሥር ደቂቃ መርካቶ ውስጥ ቆሞ መጠበቅ ማለት… ተሸካሚው "ዞር በሉ" ይላል፣ ሻይ ሻጯ ሥራዋን ትታ መጥታለች፣ አንድ የማናውቀው ሰውዬ "ምን እያደረጋችሁ ነው?" ብሎ ጠይቆ አልሄደም። ከዚያ አራታችንም በየተራ ዳበስን። ሁለቱ ቀዝቃዛ። ሦስተኛው፣ ውዱ፣ ባለ ቆዳ ማንጠልጠያው፣ ጎኑ ላይ የሳንቲም ያህል ቦታ ትኩስ ነበር። ባለቤቱ "ወይ ጉድ" ብሎ አጠበውና… መልሶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። እኔ ምንም አላልኩም፤ ሻይ ሻጯ ናት "ኧረ ነውር ነው!" ያለችው። ወደ ጓዳ አስገባው።

ከሁለቱ 750 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን፣ አፈ ጠባቡን፣ በጥምዝ የሚዘጋውን ወሰድኩ። ጓንት አድርጌ ከፈትኩ፣ ተከፈተ። ኩባያው ከውጭ ብረት ሆኖ ከውስጥ ፕላስቲክ ስላለው ከንፈር አያቃጥልም። ሥራ ቦታ ሚዛን ላይ ባዶውን 410 ግራም ሆነ። ማታ 2 ሰዓት እስከ ጠዋት 12፦ ሳላሞቀው 63 ዲግሪ፣ በፈላ ውኃ አሙቄው 67። አራት ዲግሪ ለአምስት ደቂቃ ሥራ። መምህር፣ ተማሪ ልላክልዎ?

ጠመኔ

ጥሩ ሠርተሻል። ነገር ግን ሁለቱን ልኬት በአንድ ሌሊት፣ በሁለት ፔርሙዝ ብታደርጊው ይበልጥ ይታመን ነበር። የክፍሉን ሙቀትም አልጻፍሽም።

ላብራቶሪዋ

(ከጉዞ መልስ)

የክፍሉ ሙቀት 18 ነበር መምህር። ተመልሰናል፣ ሁላችንም ደህና ነን፣ አፍንጫዬ ብቻ ተልጧል።

ሳነቴ ላይ ያደርንበት ሌሊት ከድንኳኑ ውጭ የረሳነው የሰሃን ውኃ ጠዋት ብንገለብጠው እንደ መስታወት ክብ ሆኖ ወጣ፤ ወንዶቹ ፊታቸውን እያዩበት ተጫወቱበት። ማታ ፔርሙዙን ስሞላ ውኃው እየተንፈቀፈቀ 86 ዲግሪ ነበር፣ መምህር ካሉት ብዙም ሳይርቅ። ስሊፒንግ ባጌ ውስጥ አድሮ ጠዋት 11 ተኩል ላይ 61። ለጠዋት መቀስቀሻ ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረኝም። ያንን ጠጥተን ለቱሉ ዲምቱ ጉዞ ደግመን ስንሞላው በጨለማ ነበርና ሻዩ ትንሽ ፈሶ ጥምዙ ላይ ቀርቷል። ዝም ብዬ ከደንኩት፣ በቦርሳዬ የውጭ ኪስ ሰካሁት። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነፋሱ ፊት ቆመን ልክፈት ብል አልከፈትም አለ። ጥምዙ ላይ የቀረው ስኳር ያለበት ሻይ በረዶ ሆኖ አጣብቆታል። እኔ ሞከርኩ፣ ትልቁ ልጅ ሞከረ፣ በጥርስ ልሞክር ያለም ነበር። መሪያችን ሳቀና ፔርሙዙን ገልብጦ ክዳኑን ጃኬቱ ውስጥ ብብቱ ሥር አስገባው። እንደዚያው ታቅፎት እያወራ አንድ አምስት ደቂቃ ቆየ፤ ከዚያ በሁለት ጣት ከፈተው። ስለዚህ ስትሞሉ ጥምዙን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ኪሱም የውስጥ ኪስ ይሁን።

ቀይ ቀበሮ ሦስት አየን። አንደኛዋ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ሃያ ደቂቃ ሳትንቀሳቀስ ቆመች፤ እኛ ኩባያ እየተቀባበልን እሷን ስናይ ማን ይበልጥ እንደታገሠ አላውቅም። ጦስኙ ከሮቤ ነበር የተገዛው፣ ልክ ነህ የዲንሾ ፈረሰኛ፣ ወተት ማንም አላነሳም።

አሁን ሌላ ችግር አለብኝ። ወንድሜ ፎቶዎቹን ለእናቴ አሳያት። አንዱን ፎቶ ትኩር ብላ አየችና "ይሄ ያንቺ ነው? ታዲያ የእኔ ጓደኛሽ ጋ ምን ይሠራል?" አለችኝ። ቀይ አበባ ያለበት፣ ክዳኑ ነጭ፣ እጀታው ቀይ፣ የድሮውን ዓይነት፣ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ እስከ እሁድ ንገሩኝ።